ገደል ለሚፈራ ሰው የትኛው መንገድ ይሻላል?

ከአንድ ጠባብ ሸንተረር ላይ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅኩ ወርጃለሁ። ቀልዴን አይደለም። እኔ ቋጥኙን አቅፌ ስንፏቀቅ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት የሚሆኑ ሁለት ልጆች "ይቅርታ፣ እንለፍ?" ብለውኝ እየተሯሯጡ አለፉ። ሱሪዬ ተቀደደ፣ መዳፌ ተላጠ፣ ሼሙን ተዉት። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ጥፋቴ መፍራቴ አልነበረም። ጥፋቴ አመራረጤ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ "መካከለኛ" ይላል፤ እኔም መካከለኛ ሰው ነኝ ብዬ ገባሁበት። ያ ቃል የሚለካው ርቀቱንና ዳገቱን እንደሆነ፣ ስለ ገደሉ አንዲት ነገር እንደማይናገር ያወቅኩት መሀል ላይ ደርሼ እግሬ አልሄድም ሲለኝ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ላለው ሰው ነው። ብሔራዊ ፓርክ ማየት ይፈልጋል፣ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ሆዱ ይገለበጣል። አማራጮቹን እያነጻጸርኩ የቱ ለማን እንደሚሆን እነግራችኋለሁ። ማዳላቴ አይቀርም፤ የማልወደውን አልወደውም እላለሁ።

ከፍታ ሌላ፣ ገደል ሌላ

"ከፍታ እፈራለሁ" እንላለን እንጂ የምንፈራው ከፍታን አይደለም። አውሮፕላን ውስጥ በ10,000 ሜትር ላይ ተቀምጦ እንቅልፉን የሚለጥጥ ሰው ሦስት ሜትር መሰላል ላይ ሲወጣ ጉልበቱ ቄጤማ ይሆናል። የሚያስፈራን አፋፉ ነው። ስለዚህ መንገድ ስታማርጡ የሜትሩን ቁጥር አይታችሁ አትወስኑ።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እንውሰድ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ናት። በቁጥር ካየን ራስ ዳሸን ነው የሚያስፈራው። እግር ስር ያለውን ካየን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ራስ ዳሸን የሚወስደው መንገድ በአብዛኛው ሰፊ ተዳፋት ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቋጥኝ መቧጠጥ ቢኖርም ፈተናው ሳንባ ላይ ነው። እመት ጎጎ ደግሞ ወደ ባዶ አየር እንደ ምላስ የወጣች አፋፍ ናት። በዚያ ፓርክ ገደሎቹ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርዱበት ቦታ አለ። ጭላዳዎቹ እዚያው ጠርዝ ላይ ሳር ሲነጩ ይውላሉ፣ ሲመሽ ደግሞ ገደሉ ላይ ወርደው ይተኛሉ። እነሱን እያዩ መቅናት ነው።

አሜሪካ ያለው የዛየን ብሔራዊ ፓርክም እንዲሁ ነው። ስሙ የገነነው ኤንጀልስ ላንዲንግ 1,765 ሜትር ነው። ኦብዘርቬሽን ፖይንት 1,984 ሜትር፤ እዚያ ላይ ሆናችሁ ኤንጀልስ ላንዲንግን ወደ ታች ነው የምታዩት። ነገር ግን ወደ ዝቅተኛው ለመውጣት በሁለት በኩል ገደል ባለበት ጠባብ ቋጥኝ ላይ ሰንሰለት ይዞ መሄድ ግድ ነው። ወደ ከፍተኛው ግን ኢስት ሜሳ በሚባለው መንገድ በዛፎች መሀል ደልዳላውን እየተጓዛችሁ ትደርሳላችሁ። መጨረሻው ላይ አጥር የለም፣ ከጠርዙ ምን ያህል እንደምትርቁ ግን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ስሙን የሰማነውን መንገድ መምረጥ እንወዳለን፤ ብዙ ጊዜ የተሻለው እይታ ያለው ስሙ ባልተጠራው ላይ ነው።

እኔ አሁን ስለ አንድ መንገድ የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ስፋቱ ስንት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል? ጠርዙ ላይ ምን አለ፣ አጥር፣ ቁጥቋጦ ወይስ ባዶ አየር? ደግሞስ መሀል ላይ ሐሳቤን ብቀይር ሰው ሳላጨናንቅ ዞሬ መመለስ እችላለሁ? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሰፊ ሆኖ መመለሻ የሌለው መንገድ ጠባብ ሆኖ በየአሥር ሜትሩ መመለስ ከሚቻልበት የባሰ ያስጨንቀኛል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱን ሰሌዳው ላይ አታገኙትም። የፓርኩን ጠባቂ ጠይቁ፣ በግልጽም "ገደል እፈራለሁ" በሉት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእነሱ ብርቅ አይደለም። ሌላው ዘዴ ከጎብኚዎች ፎቶ ላይ ሰዎቹ የት እንደቆሙ ማየት ነው። ሁሉም አንድ ነገር ጨብጠው ከተነሱ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከ2,500 ሜትር በላይ ስትሆኑ የሚመጣ ራስ ምታትና ማዞር የፍርሃት ሳይሆን የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው። ከጠርዙ ሃያ እርምጃ ራቁና ተቀመጡ። ፍርሃት ከሆነ እየለቀቀ ይሄዳል። ካልለቀቀ፣ ጭራሽ ማቅለሽለሽም ከጨመረ፣ መፍትሔው መውረድ ነው።

የእናንተ ፍርሃት የትኛው ነው?

ይህን ሳያውቁ መንገድ መምረጥ ቁጥር ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው። ከማያቸው ሰዎች ተነስቼ ሦስት ዓይነት አድርጌ እከፍለዋለሁ፤ የሐኪም አከፋፈል አይደለም፣ የእኔ ነው።

አንደኛው ሰውነቱ የሚከዳው ነው። ጠርዝ ላይ ሲቆም መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስለዋል፣ ጉልበቱ ይርዳል። ይህ የአእምሮ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ቆመን ሳለን ሰውነታችን ሁልጊዜ በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ ዓይናችን አጠገቡ ያለውን ነገር መነሻ አድርጎ ያስተካክለዋል። አፋፍ ላይ ግን ቅርብ ያለ ነገር የለም፣ ያለው ሩቅ ሸለቆ ነው። ዓይን የሚለካበት ሲያጣ ውዝዋዜው ይጨምራል። ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ጥናት ከመቶ 28 ያህሉ ሰዎች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ዓይነት ስሜት እንደገጠማቸው አሳይቷል። ብቻችሁን አይደላችሁም። ለዚህ ሰው የሚሻለው ቅርብ የሚያየው ነገር ያለበት መንገድ ነው። ዛፍ፣ ቋጥኝ፣ ከፊቱ የሚሄድ የጓደኛ ቦርሳ ይሆናል። ግድግዳ ተደግፎ መቆም ወይም መቀመጥ በጣም ያግዛል። የሚንቀሳቀስ ደመና ሽቅብ ማየትና ሳይደገፉ በሩቅ ማያ መነጽር ማማተር ግን ያባብሳል። በነገራችን ላይ ከታች የንባብ መስታወት ያለው መነጽር የምታደርጉ ከሆነ እግራችሁን ስታዩ መሬቱ የሚደበዝዘው በፍርሃት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ራሱን የሚጠራጠር ነው። "ድንገት ብዘልስ?" የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልበትና ከገደሉ ይልቅ ራሱን ይፈራል። ሰው ይህን አይናገርም፣ አበድኩ ይለዋል። በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 431 ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ራሳቸውን ስለማጥፋት አስበው ከማያውቁት መካከል እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ስሜት ብልጭ ብሎባቸው እንደሚያውቅ አግኝቷል። አጥኚዎቹ የሰጡት ግምት ሰውነት "ተመለስ!" ሲል አእምሮ ምልክቱን አሳስቶ ይተረጉመዋል የሚል ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው አጥር ያለው አፋፍ ዕረፍት ነው። ሐሳቡ ገደል ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሳይሆን ቤትም የሚከተላችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መንገድ መምረጡን ትታችሁ ዛሬውኑ ከባለሙያ ወይም ከምታምኑት ሰው ጋር ተነጋገሩ።

ሦስተኛው ስለ ራሱ ደህና ነው፣ ሌላ ሰው ጠርዝ ሲጠጋ ግን ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ይሆናል። ልጆች ያሏቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ለእነሱ ምክሬ አጭር ነው። ሰው የማይበዛበት ሰዓት ምረጡና ልጆቹን ይዛችሁ ሰፊ መንገድ ላይ ሂዱ። ሴልፊ የሚነሳውን እንግዳ ሰው አትዩት።

ደግሞ አንድ አለ። ደልዳላ መሬት ላይ፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ አልጋ ላይ ስትገለበጡ ዓለም የሚሽከረከርባችሁ ከሆነ ሐኪም ጆሯችሁን ይየው። እሱ የከፍታ ፍርሃት አይደለም።

ከታች ሆኖ ማየት ወይስ አጥር ያለው አፋፍ?

ከታች ማየት የሚናቅ አማራጭ ነው፣ በከንቱ ነው የሚናቀው። ዛየን ውስጥ ሪቨርሳይድ ዎክ የሚባለው መንገድ ወንዙን ተከትሎ በሸለቆው ወለል ይሄዳል፣ የተነጠፈ ነው፣ ገደሎቹን ሽቅብ እያያችሁ ትጓዛላችሁ። ፍርሃት ዜሮ። ግን ፍርሃታችሁን ለመጋፈጥ ከሆነ የሄዳችሁት እዚያ ምንም አትማሩም። የመጀመሪያ ቀን አድርጉት፤ ከፓርኩ ጋር መላመጃ ነው።

አጥር ያለው አፋፍ ለጀማሪ ቁጥር አንድ ምርጫዬ ነው። ምክንያቱም መጠኑ በእጃችሁ ነው። አጥሩ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። አሥር ሜትር ርቃችሁ ቁሙ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አጥሩን በሁለት እጅ ጨብጡ። ዮሰሚቲ በሚባለው ሌላ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግሌሸር ፖይንት የሚባል ቦታ አለ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ወቅት በመኪና ይደረሳል፣ መደገፊያ አለው፣ ከሸለቆው ወለል 975 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አንድ ሙሉ ቀን ብትፈልጉ እዚያው ስትጠጉና ስትርቁ መዋል ትችላላችሁ፣ ማንም አይገፋችሁም። ግራንድ ካንየንም ሜዘር ፖይንት ላይ አጥር አለ፤ ግን ልብ በሉ፣ የዚያ ሸለቆ ጠርዝ አብዛኛው ክፍል አጥር የለውም። አንዱ ቦታ አጥር ስላያችሁ ቀጣዩም አለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ጉድለቱስ? አጥር የለመደ ሰው አጥር በሌለበት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይሁን።

ሰፊ ግን አጥር የለሽ መንገድ

እኔ እውነተኛው ለውጥ የመጣልኝ እዚህ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው ገደል የሆነ መንገድ። ግራንድ ካንየን ያለው ብራይት ኤንጀል እንዲህ ዓይነት ነው። በውስጥ በኩል፣ በግድግዳው ጥግ ትሄዳላችሁ፣ ሲያስፈራችሁ ትቆማላችሁ፣ ስትፈልጉ ትመለሳላችሁ። በተለይ የምወደው በቅሎ ሲመጣ ያለውን ሕግ ነው። እግረኛ በዳገቱ በኩል፣ ከጠርዙ ርቆ ቆሞ ያሳልፋል። ለፈሪ የተጻፈ ሕግ ይመስላል።

ሁለት ነገር ግን ይለያል። ሸለቆ ያለበት ፓርክ ከተራራው በተቃራኒ መጀመሪያ መውረድ ነው፣ ድካሙ መጨረሻ ላይ ይጠብቃችኋል፤ የደከመ እግር ደግሞ ይበልጥ ይፈራል። ስለዚህ ጉልበታችሁ ሲጋመስ ሳይሆን ገና ሲሶው እንዳለቀ ተመለሱ። ተራራ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፣ ስትወጡ ፊታችሁ ቋጥኝ ስለሆነ ገደሉን አታዩትም፤ ስትወርዱ በሙሉ ዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የወጣሁትን እወርደዋለሁ ብላችሁ አትገምቱ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። በየመቶ ሜትሩ ዞር ብላችሁ "አሁን ብመለስ ይህን እወርዳለሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ እንጃ ከሆነ እንጃ ማለት እምቢ ነው።

የመራመጃ ዘንግ እዚህ ላይ እንደ ሦስተኛ እግር ነው፣ በተለይ ሰውነቱ ለሚከዳው ሰው። ሰንሰለትና መሰላል ላይ ግን እጅ ከመያዝ ውጪ ጥቅም የለውም።

የኬብል መኪናና የመስታወት ወለል

ሁለቱም ሳይደክሙ ከፍ የሚሉባቸው ናቸው፣ ለፈሪ ግን ፍጹም አይመሳሰሉም።

የኬብል መኪና ችግሩ መሀል ላይ መውረድ የለም። ጥሩነቱ ቶሎ ያልቃል። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴብል ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ከ1929 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ጉዞው አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። የዛሬዎቹ ክፍሎች ወለላቸው እየተሽከረከረ ነው የሚወጡት፤ ለተመልካች ደስ ይላል፣ "እኔ የተራራውን ጎን ብቻ ነው የማየው" ብሎ ለተዘጋጀ ሰው ግን ዱብ ዕዳ ነው። መሀል ቁሙ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ትከሻ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ስትደርሱ ላዩ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ከጠርዙ ርቃችሁ መዋል ትችላላችሁ። የአምስት ደቂቃ ስቃይ በግማሽ ቀን ደስታ፤ እኔ አዋጥቶኛል እላለሁ። ነፋስ ሲበረታ አገልግሎቱ ስለሚቋረጥ ግን በእግር መውረድ የማትችሉ ከሆነ የአየሩን ሁኔታ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የመስታወት ወለል ግን አይመቸኝም። ካናዳ ጃስፐር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ2014 የተከፈተ አለ፣ ከገደሉ 35 ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከታች ያለው ሸለቆ 280 ሜትር ይርቃል። መሐንዲሶቹ ላይ ጥያቄ የለኝም፣ ደህንነቱ ከሁሉም አማራጮች የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ደንግጦ ለመዝናናት የተሠራ ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሮጦ ያልፍና "አሸነፍኩት" ይላል። ዓይን ተጨፍኖ ምን ይሸነፋል? ከሞከራችሁ ቀስ ብላችሁ፣ ቆማችሁ፣ እያያችሁ ሞክሩት።

ሰንሰለት፣ መሰላል፣ ቪያ ፌራታ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ኤንጀልስ ላንዲንግ ላይ ስካውት ሉክአውት ከሚባለው መመልከቻ በኋላ ያለው መንገድ ሰንሰለት የተተከለበት ነው። ከኤፕሪል 2022 ወዲህ በዕጣ የሚገኝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዮሰሚቲ ያለው ሃፍ ዶም ደግሞ የመጨረሻው 120 ሜትር ያህል በሁለት የብረት ገመዶች መሀል የሚወጣ ልሙጥ ቋጥኝ ነው፤ ገመዱ መጀመሪያ የተዘረጋው በ1919 ነው፣ ለእሱም ፈቃድ አለ። ሁለቱም ላይ ችግሩ ገደሉ ብቻ አይደለም። ወጪውም ወራጁም በዚያችው ጠባብ መስመር ይገናኛሉ። እናንተ ስትደርቁ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል፣ የሰው ዓይን ደግሞ ከገደሉ አያንስም። እጃችሁ የጨበጠውን ከለቀቀም የሚይዛችሁ ነገር የለም፤ ሰንሰለቱ መደገፊያ እንጂ ማሰሪያ አይደለም። ዝናብ ሲመታው ቋጥኙ ይንሸራተታል፣ መብረቅ ባለበት ብረት ይዞ መንጠልጠል ደግሞ አይታሰብም። "ፈቃዱ ከእጄ ያመልጣል" ብላችሁ በመጥፎ ቀን አትውጡ። ስካውት ሉክአውት ድረስ ያለ ፈቃድ ይደረሳል፣ እይታው ራሱ ይበቃል፣ እኔ እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚውለውን ሰው ነው ብልህ የምለው።

የብረት መሰላል ያለባቸው መንገዶች፣ ለምሳሌ አሜሪካ አኬድያ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ፕሬሲፒስ፣ አንድ የሚሻሉበት ነገር አለ። በእሱ ተወጥቶ በሌላ ቀለል ባለ መንገድ ይወረዳል። አንድ የሚከፉበት ነገርም አለ፤ እሱም ያው ነው። ከጀመራችሁ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ከመቀጠል የከበደ ይሆናል። ጭልፊቶች ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት ደግሞ ከፀደይ ጀምሮ እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ ይዘጋል፣ ለፈሪ ጥሩ ሰበብ ነው።

ቪያ ፌራታ የሚባለው በጣሊያንኛ የብረት መንገድ ማለት ነው፣ ዶሎማይትስ ተራሮች ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ማለፊያ ተብለው ብዙዎቹ ተዘርግተዋል። ሲያዩት ከሁሉም ያስፈራል። ልዩነቱ ግን እዚህ ታስራችኋል። ወገባችሁ ላይ ካለው ቀበቶ ሁለት አጫጭር ገመዶች ይወጣሉ፣ መቆለፊያዎቻቸው በብረት ገመዱ ላይ ይያያዛሉ፤ ማሰሪያ ነጥብ ላይ ስትደርሱ አንዱን ፈትታችሁ ታሻግራላችሁ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁልጊዜ ቢያንስ አንዱ ተይዟል። እንዲህም ሆኖ ወድቆ መንጠልጠል ራሱ ሊጎዳ ስለሚችል ያለ አስጎብኚ አትጀምሩት። ስሎቬኒያ ትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 2,864 ሜትር የሆነው ተራራ ጫፍ ላይ የሚደረሰው እንዲህ ባሉ ብረቶች ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እሱን አልመክርም፤ አጭርና መሀል ላይ መውጫ ያለው ፈልጉ።

ስለዚህ ሰንሰለት ወይስ ቪያ ፌራታ ካላችሁኝ፣ "ብዘልስ" እና "ብወድቅስ" ለሚል ሰው ሁለተኛው ይሻላል። መታሰሩ ያሳርፈዋል። ሰውነቱ ለሚከዳውም ጥሩ ነው፣ ቋጥኙ አፍንጫው ስር ስለሆነ ዓይኑ የሚለካበት አያጣም። ሰው እንዳያየው ለሚጨነቅ ግን ሁለቱም ይቅሩበት።

ከማን ጋር?

ብቻችሁን አትሂዱ፣ ይህ አያከራክርም። ከዚያ በኋላ ምርጫው በጓደኛና በአስጎብኚ መሀል ነው። አስጎብኚ ጥቅሙ መንገዱን ማወቁ ብቻ ሳይሆን የደረቀ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። ጓደኛ የበለጠ ያሳርፋል፣ ዓይነቱ ግን ወሳኝ ነው። "ምንም አይደለም አቦ፣ ና!" እያለ እጅ የሚጎትተውን ቤት ተዉት። በጣም የምትወዱት ሊሆን ይችላል፣ ለሌላ ቀን ይሁን። የሚሻለው ዝም ብሎ አብሮ የሚቀመጥ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ቃል ተስማሙ። ያ ቃል ከተነገረ ያለ ክርክር፣ ያለ "እስቲ አምስት ደቂቃ"፣ መመለስ ነው። የሚገርመው መመለስ እንደምችል እርግጠኛ ስሆን ርቄ ነው የምሄደው።

"አንድ ሁለት ልበልና ልድፈር" የሚል አለ። መጠጥ የሚያደነዝዘው ፍርሃቱን ብቻ ሳይሆን ሚዛኑንም ነው። ማስታገሻ ክኒንም እንደዚያው፣ ሐኪም ሳይጠየቅ ገደል ላይ አይዋጥም።

በአንዴ ወይስ ቀስ በቀስ?

ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በወጣትነቱ በ1770ዎቹ መጀመሪያ ስትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ገደል ይፈራ ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? የከተማዋ ካቴድራል ግንብ ጫፍ ላይ ብቻውን ወጣ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ድፍረቱን እስኪያሰባስብ ውስጥ ተቀመጠ፣ ከዚያ መያዣ በሌላት ትንሽ መቆሚያ ላይ ወጥቶ ቆመ። ስሜቱ እስኪደነዝዝ ድረስ ይህንኑ ደጋገመው። ብዙ ሰው ታሪኩን "በአንዴ ገባበት" ብሎ ነው የሚያወራው። እኔን የሚገርመኝ ሩብ ሰዓቷና መደጋገሙ ነው።

ሐኪሞች ዛሬ የሚያደርጉት ያንኑ በደረጃ ነው። ከትንሹ መጀመር፣ ፍርሃቱ እስኪቀንስ እዚያው መቆየት፣ መድገም፣ ከዚያ አንድ ደረጃ መጨመር። ፍርሃቱ ገና ጣሪያ ላይ ሳለ ከሸሻችሁ አእምሮ "የዳንኩት በመሸሼ ነው" ብሎ ይይዘዋል። በዚህ ሂሳብ ሦስት ቀን ካላችሁ ሦስት የተለያዩ አፋፎች ከማየት አንዱን አፋፍ ሦስት ጊዜ ማየት ይሻላል። ለጉብኝት አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ጉዞው ገና ከሆነ ደግሞ ቤት ሆኖ መጀመር ይቻላል። በ2018 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 100 ሰዎችን ወስደው ለከፊሎቹ በዓይን ላይ በሚደረግ የቪአር መሣሪያ፣ በኮምፒውተር አሠልጣኝ እየተመሩ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ምናባዊ ፎቅ ላይ እንዲለማመዱ አድርገዋል። የእነዚህ ሰዎች ፍርሃት በአማካይ በ68 ከመቶ ቀንሷል። ነፋሱና የሚንሸራተተው ጠጠር እዚያ ውስጥ የሉም፤ ለመነሻ ግን ቀላል አይደለም። ፍርሃቱ ፎቅ ላይ ያለ ሥራ እስከማስተው የደረሰበት ሰው ከፓርክ በፊት ባለሙያ ጋ ቢሄድ ጊዜ ያተርፋል።

እግር ሲያዝ

በጥንቃቄ መርጣችሁም ይህ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ተቀመጡ። ቋጥኙን ንኩ። ዓይናችሁን ሸለቆው ላይ ሳይሆን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ባለ ድንጋይ ላይ ትከሉ። ወደ ውስጥ ከምትስቡት በላይ ወደ ውጭ የምታስወጡትን ትንፋሽ አርዝሙት። አብሯችሁ ላለው ሰው "ደርቄያለሁ" በሉት፤ ቃሉ ሲወጣ ግማሹ ይቀላል። ራሴን ስቼ እወድቃለሁ የሚለው ስጋት የሁላችንም ነው፣ ግን ራስን መሳት በብዛት የሚታየው ደም ወይም መርፌ በሚፈሩት ላይ ነው፤ ገደል የሚፈራ ሰው ልቡ ይደልቃል እንጂ እምብዛም አይወድቅም። መውረድ ሲጀመር ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ፊታችሁን ወደ ቋጥኙ አዙሩ፣ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ የያዙ ይሁኑ። በመቀመጫ መንፏቀቅም ያስኬዳል። ወፍራም ሱሪ ልበሱ ብቻ።

ባለፈው ወደዚያ ሸንተረር ተመልሼ ነበር። በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ዝም የሚል ጓደኛ ይዤ። ሲሶው ላይ ያለች ቁጥቋጦ ጋ ደርሰን አሥር ደቂቃ ተቀመጥንና ተመለስን። በማግስቱ ቁጥቋጦዋን አልፈን የተሰነጠቀው ድንጋይ ድረስ ሄድን። ልጆቹ ያለፉኝ ቦታ ገና ከዚያ ሃምሳ ሜትር ያህል ይቀረዋል።